ጢም አልባውን ስንዴ አንኮበር ያገኙት ሊቅ

ከአንኮበር ተራራ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ብርዳሙ ደጋና ሞቃታማው የአፋር ቆላ በአንድ እይታ ይገባሉ። በዚያች አጭር ርቀት አየሩም አፈሩም ይለወጣል፤ ሰብሉም እንዲሁ። በ1919 ዓ.ም በበቅሎ ተጉዘው ወደ ጥንታዊቷ የሸዋ መናገሻ የመጡት ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚሹት ይህንኑ ነበር።

ቫቪሎቭ በኅዳር ወር 1880 ዓ.ም በሞስኮ ተወለዱ። ሀገራቸው በተደጋጋሚ በረኃብ ትመታ ስለነበር፣ ዋግን፣ ብርድንና ድርቅን የሚቋቋም ዘር መፈለግን የሕይወታቸው ሥራ አደረጉ። በ1912 ዓ.ም ደግሞ የሚዛመዱ ተክሎች ለውጣቸውም እንደሚመሳሰል የሚገልጽ ሕግ አቀረቡ። በሕጉ መሠረት፣ የዳቦ ስንዴ በዛላው ላይ እንደ መርፌ የሚቆም ጢም የሌለው ዓይነት ካለው፣ ለማካሮኒ የሚሆነው ዱረም ስንዴም ሊኖረው ይገባል። እንዲህ ያለ ዱረም ግን ያየ አልነበረም።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ የጉዞ ፈቃድ ሰጧቸው። አንኮበር አካባቢ በገበሬው ማሳ ውስጥም ጢም አልባው ዱረም ተገኘ።

ቫቪሎቭ በዚህ ተደንቀው ኢትዮጵያን የስንዴ መፍለቂያ አድርገው ቆጥረው ነበር። በዚህ ተሳስተዋል፤ ስንዴና ገብስ መጀመሪያ የለሙት በመካከለኛው ምሥራቅ ነው። ወደዚህ ከመጡ በኋላ ግን ውርጩ ያልቻለውን እየጣለ፣ ገበሬውም በየአዝመራው ለዘር የሚሆነውን እየለየ፣ በየኮረብታው የተለያየ ዝርያ ፈጠሩ። በአንድ ማሳ ብዙ ዓይነት ቀላቅሎ መዝራትም ብዝኃነቱን ጠብቆታል። ሊቁ ከመላው ጉዟቸው 6 ሺህ ያህል ናሙና ሰብስበው በጎንደርና በአስመራ በኩል ተመለሱ።

ፍጻሜያቸው መራራ ነበር። የዘር ውርስን ሳይንስ የሚክደውና በስታሊን የሚደገፈው ትሮፊም ሊሴንኮ ዋነኛ ተቃዋሚያቸው ሆነ። በ1932 ዓ.ም ክረምት ለዘር ፍለጋ በወጡበት ተያዙ፤ በቀጣዩ ዓመት ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ በኋላ ወደ 20 ዓመት እስር ተለወጠ። ለሕዝብ እህል ሲፈልጉ የኖሩት ሰው በጥር ወር 1935 ዓ.ም በሳራቶቭ እስር ቤት በምግብ እጦት ተጎሳቁለው ሞቱ።

በዚያው ዘመን የጀርመን ጦር ሌኒንግራድን ከብቦ ነበር። በከተማዋ የቀሩት ባልደረቦቻቸው በሩዝና በስንዴ ከረጢቶች መካከል እየተራቡ፣ አንዳንዶቹም ሕይወታቸው እያለፈ፣ ከዘሩ አንዲት ፍሬ አልነኩም። ቫቪሎቭ ከኢትዮጵያ የወሰዱት ስንዴ ዘር ዛሬም በዚያችው ከተማ፣ በስማቸው በሚጠራው ተቋም ይገኛል።