ሐዲስ ዓለማየሁና የሥራ ቅደም ተከተል

መግቢያ

ሥራን አስቸኳይና አስፈላጊ እያሉ በአራት ሳጥን መክፈልን የማኔጅመንት ተማሪ ሆኖ ያልተማረ የለም። ፈተና ላይ ሲመጣም ሁላችንም አሳምረን እንጽፈዋለን። ዛሬ ደግሞ ሳጥኑ ስልካችን ውስጥ ገብቷል። እንደ ቱዱኢስት ያሉ የሥራ መዝገብ አፕሊኬሽኖች ለእያንዳንዱ ሥራ ከ1 እስከ 4 የቅድሚያ ደረጃ እንድንሰጥ ይጠይቁናል፤ 1ኛው ቀይ ነው።

አንድ ፕሮጀክት ብቻ ላለው ሰው ይህ በቂ ነው። ችግሩ የሚመጣው ፕሮጀክቱ ሲበዛ ነው። የመመረቂያ ጥናቱ የራሱ ቅድሚያ 1 አለው፤ የቡድን ሥራውም፣ የተግባር ልምምዱም፣ የቤተሰብ ጉዳዩም እንደዚሁ። እያንዳንዱን ለብቻው ስናየው ደረጃው ትክክል ነው። አንድ ላይ ስናያቸው ግን ዝርዝሩ ከላይ እስከ ታች ቀይ ይሆናል። ሁሉም ቀይ ከሆነ ደግሞ ቅድሚያ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። በዚያ ላይ አፕሊኬሽኑ ጠዋት ከፍተን የዛሬን ሥራ ስንጠይቀው የሚያሳየን የዛሬ ቀን የተጻፈባቸውን ነው። ቀን ያልተቆረጠለት ሥራ ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን ከሥር ተቀብሮ ይቀራል።

ይህች አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ በአንድ የአካባቢያችን ሰው ሕይወት ውስጥ ለማየት ትሞክራለች። ሰውየው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በፍቅር እስከ መቃብር ደራሲነታቸው ነው። እሳቸው ግን መምህር፣ አርበኛ፣ እስረኛ፣ ዲፕሎማት፣ ሚኒስትርና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባልም ነበሩ። ታዲያ ይህን ሁሉ የያዘ ሰው የትኛውን አስቀደመ? የትኛውንስ አቆየ? ምን ዋጋ ከፈለበት? ጥያቄያችን ይህ ነው።

ልጅነትና ትምህርት

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ከተማ ብዙም በማይርቀው በጎዛምን ወረዳ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በምትባል ቦታ ተወለዱ። አባታቸው ቄስ ዓለማየሁ ሰሎሞን፣ እናታቸው ወይዘሮ ደስታ ዓለሙ ይባላሉ። እንደ አካባቢው ልማድ የመጀመሪያ ትምህርታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ነበር። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል። እነዚህ ቦታዎች በጎጃም የታወቁ የትምህርት ደብሮች መሆናቸውን ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። የቆሎ ተማሪ ቅደም ተከተሉን ራሱ አያወጣም። ፊደል፣ ንባብና ዳዊት፣ ከዚያ ዜማ፣ ከዚያ ቅኔ እያለ በደረጃ ይሄዳል። አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው አያልፍም፤ መምህሩ ይበቃሃል እስካላለው ድረስ እዚያው ነው። ለጀማሪ ይህ ትልቅ እረፍት ነው፤ ዛሬ ምን ልሥራ ብሎ የሚጨነቅበት ምክንያት የለውምና።

ወጣቱ ሐዲስ ግን በዚህ አልቆዩም። ዘመናዊ ትምህርት ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሄደው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትና በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ። የጽሑፍ ዝንባሌያቸውም ያኔውኑ ታይቷል፤ በወጣትነታቸው የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ የተባለ ተውኔት ጽፈዋል። ከዚያ ወደ ጎጃም ተመልሰው በጉምሩክ ሥራና በመምህርነት አገለገሉ። እንግዲህ ገና ከጠዋቱ ሁለት ፕሮጀክት በእጃቸው ነበር ማለት ነው፤ አንዱ ደመወዝ የሚከፈልበት የመንግሥት ሥራ፣ ሌላው ማንም ያላዘዛቸው የጽሑፍ ሥራ።

ጦርነትና እስር

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ወረረች። የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሽሬ ግንባር ሲዘምቱ ሐዲስም አብረው ዘመቱ። የሽሬው ጦርነት ከከሸፈ በኋላ የራስ እምሩ ጦር ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ አቅንቶ ትግሉን ቀጠለ፤ በመጨረሻ ግን በ1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወደቀ። ሐዲስም ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተወሰዱ። መጀመሪያ በፖንዛ ደሴት፣ ቀጥሎ በሊፓሪ ደሴት ታሰሩ። የተለቀቁት በ1935 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተባበሩት ኃይሎች ጦር ወደዚያ አካባቢ ሲደርስ ነው። ሰባት ዓመት ገደማ በእስር አለፈ ማለት ነው።

ስለ ቅድሚያ ስንነጋገር ይህን ክፍል ዘለን ማለፍ አንችልም። አንዳንድ ሥራ ሲመጣ ዝርዝሩን እንዳለ ይዘጋዋል። አገር ሲወረር የማስተማሩም ሆነ የመጻፉ ጉዳይ ወደ ጎን ይደረጋል፤ ይህ ምርጫ ነው ለማለት እንኳ ያስቸግራል። ነገር ግን የተዘጋው ዝርዝር አልጠፋም። የዘመቻውንና የምርኮውን ታሪክ ትዝታ በሚል ርእስ ለአንባቢ ያቀረቡት በ1985 ዓ.ም. ነው። ነገሩ ከተፈጸመ ግማሽ ምእት ዓመት አልፎታል!

የመንግሥት ሥራ ዘመን

ሐዲስ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገቡ። በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆኑ። በ1939 ዓ.ም. በአሜሪካ አትላንቲክ ሲቲ በተደረገው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ጉባኤ ላይ ኢትዮጵያን ወክለው ተገኙ። በዋሽንግተንና በኒውዮርክም ሠርተዋል። ቀጥሎ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሥልጣን፣ ከዚያ የትምህርት ሚኒስትርነት፣ ከዚያ በብሪታንያና በኔዘርላንድስ አምባሳደርነት፣ ከዚያ የፕላንና ልማት ሚኒስትርነት እየተከታተለ መጣ።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ሹመት ከላይ የሚመጣ ነው። ተሿሚው ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ሲባል ይሄዳል እንጂ ልቤ ያለው ሌላ ሥራ ላይ ነው ብሎ የሚቀርበት መንገድ ጠባብ ነበር። ስለዚህ የሐዲስ የቀን ዝርዝር ዋናው ክፍል የተጻፈው በሌላ እጅ ነው። የኛም እኮ ከዚህ ብዙ አይለይም፤ የፈተናውን ቀን፣ የማስረከቢያውን ሰዓት የምንወስነው እኛ አይደለንም። የራሳችን የሆነው የቅድሚያ ምርጫ የሚጀምረው ከዚያ በተረፈው ጊዜ ላይ ነው።

ሐዲስ በዚያ በተረፈው ጊዜ ምን አደረጉ? በ1948 ዓ.ም. ተረት ተረት የመሠረት የተባለውን መጽሐፍ አወጡ። ይህ መጽሐፍ በተረት መልክ ለትምህርት የሚሆን ሥራ ነው። የመምህሩም የደራሲውም ፍላጎት በአንድ ሥራ ተገናኘ ማለት ነው። ብዙ ፕሮጀክት ላለው ሰው ይህ ትልቅ ዘዴ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል፤ እውነት ነው፤ ሁለቱ ዛፎች የሚገናኙበት ቅርንጫፍ ካለ ግን እሱን ማስቀደም ብልህነት ነው።

1958 ዓ.ም.

በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ለትምህርት ክፍላችን በጣም የሚቀርበው ዓመት 1958 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሐዲስ የፕላንና ልማት ሚኒስትር ነበሩ። በዚያው ዓመት ፍቅር እስከ መቃብር ታተመ።

መጀመሪያ ሚኒስቴሩን እንይ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የአምስት ዓመት እቅድ ከ1950 እስከ 1954፣ ሁለተኛውን ከ1955 እስከ 1959 ዓ.ም. አካሂዳለች። የመጀመሪያው ቅድሚያ የሰጠው ለመንገድና ለመገናኛ የመሳሰሉ መሠረተ ልማቶች ነበር፤ ሁለተኛው ወደ ኢንዱስትሪ፣ ማዕድንና ኃይል ማመንጫ አዘነበለ። የፕላን መሥሪያ ቤት ሥራ ምንድን ነው ቢባል፣ የኛ አፕሊኬሽን ያቃተው ሥራ ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት ትምህርት ቤቴን ይላል፣ ሌላው መንገዴን ይላል፣ ሌላው ሆስፒታሌን ይላል። ሁሉም የየራሱን ቅድሚያ 1 ይዞ ይመጣል። ገንዘቡ ግን አንድ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮጀክት በውስጡ ያወጣው ደረጃ አይሠራም፤ ሁሉንም በአንድ ገበታ ላይ አስቀምጦ ይህ ከዚያ ይቀድማል፣ ያኛውም ለጊዜው ይቅር ማለት የግድ ነው። እቅድ ማለት መደርደር ብቻ ሳይሆን መተውም ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንምጣ። ከ500 ገጽ በላይ የሆነ ልብ ወለድ በአንድ ጀምበር አይጻፍም። በዚያ ዓመት መታተሙ ራሱ ሥራው የተሠራው ደራሲው በመንግሥት ሥራ ላይ ሳሉ መሆኑን ያሳያል። ቀን የቆረጠለት አለቃ አልነበረም፤ ቢዘገይ የሚጠይቅ፣ ቢቀር የሚቀጣም የለም። በኛ አፕሊኬሽን ቢሆን ከሥር የሚቀበረው ሥራ ይኸው ነበር።

ይህ ቀን ያልነበረው ሥራ ምን ይዞ እንደነበረ ደግሞ ተመልከቱ። በልብ ወለዱ ውስጥ የጎጃም ገበሬዎች ተጨማሪ ግዴታ ሲጫንባቸው እንቢ ብለው በባላባቱ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ይነሣሉ። ከመጽሐፉ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በእውን ተነሣ። መጽሐፉ አመፁን አመጣ ማለቴ አይደለም። ማለት የፈለግሁት፣ የገበሬው ብሶት በመንግሥት ዝርዝር ላይ ቀይ ከመሆኑ በፊት በደራሲው ጠረጴዛ ላይ ቀይ ነበር። አስቸኳይ ያልሆነው ሥራ አስፈላጊ የሆነውን ቀድሞ አየ።

ከሹመት በኋላ

ሐዲስ በፕላን ሚኒስትርነት ብዙ አልቆዩም። ቀጥሎ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኑ። በ1966 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል የሚለውን ሐሳባቸውን በመጽሐፍ አቀረቡ። አብዮቱ ሲፈነዳ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሹመት ቀርቦላቸው ሳይቀበሉ ቀሩ። ከላይ የመጣ ሥራ ሁሉ ይሠራ የነበረ ሰው አሁን አይሆንም አለ። በብዙ ሰው ዝርዝር ላይ ከዚህ የሚበልጥ ቅድሚያ 1 ከየት ይመጣል?

ከዚያ በኋላ የተገኘውን ውጤት ቆጥሮ ማየት ነው። ወንጀለኛው ዳኛ በ1974፣ የልም እዣት በ1980፣ ትዝታ በ1985 ዓ.ም. ታተሙ። ደራሲው በቅደም ተከተል የ72፣ የ78 እና የ83 ዓመት ሰው ነበሩ። ፍቅር እስከ መቃብርም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ሳይቀር ደረሰ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በኅዳር ወር 1996 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ቅድሚያ መስጠት በየፕሮጀክቱ ውስጥ ሳይሆን በፕሮጀክቶቹ መካከል የሚደረግ ነው። ስልካችን ላይ ስምንት ፕሮጀክት ካለ መጀመሪያ ስምንቱን እርስ በርስ እናወዳድር። ከዚያ በኋላ ቀዩን ምልክት በቀን ከሁለት ወይም ከሦስት ሥራ በላይ አንስጥ።

ሁለተኛ፣ አለቃ የሌለው ሥራ ቀን ይፈልጋል። የመመረቂያ ጥናት፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ቋንቋ መማር የመሳሰሉት ራሳቸው አይጮሁም። ሳምንታዊ ሰዓት ቆርጠን ካላስገባናቸው የሚጮኸው ሁሉ ይበላቸዋል።

ሦስተኛ፣ ሁለት ፕሮጀክትን በአንድ ጊዜ የሚያራምድ ሥራ ካለ እሱ ይቅደም።

አራተኛ፣ ሥራን ማቆየትና ሥራን መሰረዝ አንድ አይደሉም። የቆየው ተመዝግቦ፣ በየጊዜው እየታየ ይቆይ፤ የማንሠራውን ግን በግልጽ አይሆንም እንበል።

ይሁን እንጂ የሐዲስን ቅደም ተከተል እንዳለ እንገልብጠው ማለት ስሕተት ይመስለኛል። የመጀመሪያው ልብ ወለድ ሲታተም 56 ዓመታቸው ነበር። የጦርነቱ ትዝታም ከ50 ዓመት በላይ ጠብቋል። ይህ የተሳካው 94 ዓመት ስለኖሩ ነው። በ50 ዓመታቸው ቢያልፉ ኖሮ ዛሬ በአንድ ተውኔትና በአንድ የተረት መጽሐፍ ብቻ ልናስታውሳቸው እንችል ነበር፤ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልንም፣ ጉዱ ካሳንም አናውቃቸውም ነበር። ስንት የጎጃም ሊቅና ስንት ሠራተኛ ጡረታ ስወጣ እጽፈዋለሁ እንዳለ ይዞት ወደ መቃብር ወርዷል? ዕድሜን ተማምኖ ዋናውን ሥራ ማቆየት ቁማር ነው። እሳቸው በቁማሩ አሸነፉ፤ ሌላው ሁሉ ያሸንፋል ማለት ግን አይደለም።

ማጠቃለያ

ዛሬ ሐዲስ ዓለማየሁን የምናስታውሳቸው በተገኙባቸው ጉባኤዎች ወይም በፈረሙባቸው ደብዳቤዎች አይደለም። እነዚያም በጊዜያቸው አስፈላጊ ነበሩ፤ መሠራትም ነበረባቸው። ነገር ግን ከሁሉም የዘለቀው ማንም ቀን ያልቆረጠለት ሥራ ነው። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ የሚቀጥለውን ሳምንት ዝርዝራችሁን ስታወጡ አስቀድማችሁ ይህን ጠይቁ፦ ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ ካልሠራሁት ማንም የማይሠራው የትኛው ነው? እሱን አውጡና ቀን ስጡት። ቸር ያሰንብተን።