ሄንሪ ፎርድ
ሄንሪ ፎርድ (1863 – 1947 እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሚሺጋን ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደ የመኪና አምራች ነበር። በ1908 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሞዴል ቲ ቫናዲየም በተጨመረበት አረብ ብረት ጥንካሬው ታውቋል። በእርጅናው ግን ከአኩሪ አተርና ከሌላ የእርሻ ምርት ፕላስቲክ ያሠራ ጀመር። በ1940 ጋዜጠኞች ፊት የራሱን መኪና የፕላስቲክ ክዳን በመጥረቢያ ቢመታው አልጎደጎደም። ይህ ግን የምት ፈተና ብቻ ነው፤ ፕላስቲክ ጭነት ለረጅም ጊዜ ሲሸከም ቀስ በቀስ ይጎብጣል፣ አረብ ብረት ግን ዝገት ካልበላው ቅርጹን ይጠብቃል። በ1941 በዲርቦርን ከተማ ለሕዝብ የታየው የፎርድ የፕላስቲክ መኪና 900 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር፤ ከብረቱ መኪና በሲሶ ያህል ይቀላል። ሆኖም ፕላስቲኩ የለበሰው አጽም የብረት ቱቦ ነበር። በጦርነቱ ምክንያት የመኪና ምርት ሲቋረጥ ሥራው በዚያው ቀረ።