አንዱ ተመልሶ መጣ፣ አንዱ አገሩ ቀረ፦ የአባ ሰላማና የወንድማቸው ታሪክ

አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ብዙዎቻችን እናውቃቸዋለን። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ጳጳስ ናቸው። ወንድም እንደነበራቸው ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? ዛሬ የሁለቱንም ታሪክ ይዘንላችሁ መጥተናል።

ጊዜው 4ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሜሮጵዮስ የሚባል ፈላስፋ ሩቅ አገር ለማየት ከጢሮስ በመርከብ ተነሣ። ጢሮስ ዛሬ ሊባኖስ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። አዎ፣ እህቶቻችን ለሥራ የሚሄዱባት ሊባኖስ። ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የሚባሉ ሁለት ልጆችም አብረውት ነበሩ፤ ዘመዶቹ ናቸው፣ እያስተማራቸው ነበር።

ሲመለሱ መርከቧ ውሃና ስንቅ ለመያዝ አንድ ወደብ ላይ ቆመች። የአካባቢው ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ስለነበር ሜሮጵዮስንም ሌሎቹንም መንገደኞች ገደሏቸው። ሁለቱ ልጆች ግን ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ። አሳዘኗቸውና ሳይገድሏቸው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው።

በአክሱም ቤተ መንግሥት ሁለቱም አንድ ዓይነት ሥራ አልተሰጣቸውም። ንጉሡ ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊው አደረገው። ፍሬምናጦስን ደግሞ ብልህና አስተዋይ ሆኖ ስላገኘው ገንዘቡንና ጽሕፈቱን በእጁ ሰጠው። በምርኮ የመጡት ልጆች የንጉሡ ታማኞች ሆኑ።

ንጉሡ ሊሞት ሲል ነፃ ለቀቃቸው። መሄድ ይችሉ ነበር። ግን ልጁ ገና ሕፃን ነው፣ ንግሥቲቱም ብቻዋን ቀረች። እስኪያድግ ድረስ አገሩን በማስተዳደር አግዙኝ ብላ ለመነቻቸው። ቤተሰብ ጢሮስ ላይ አለ፤ እነሱ ግን እሺ ብለው ቆዩ። ፍሬምናጦስ በዚያ ጊዜ ለንግድ የሚመጡ ክርስቲያኖችን እየፈለገ የሚጸልዩበት ቦታ እንዲኖራቸው ረዳቸው።

ልጁ አድጎ መንግሥቱን ሲረከብ ሁለቱም ተነሡ። መንገዳቸው የተለያየው እዚህ ጋ ነው። ኤዴስዮስ ወላጆቹን ለማየት ቸኩሎ ወደ ጢሮስ ሄደ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። እስክንድርያ ገብቶ ለዚያ አገር ጳጳስ ያስፈልገዋል ብሎ ለፓትርያርኩ ለአትናቴዎስ ነገራቸው። አትናቴዎስም አገሩንና ሕዝቡን ከሱ የተሻለ የሚያውቅ ስላላገኙ እሱኑ ሾመው ላኩት። የትናንቱ ምርኮኛ ጳጳስ ሆኖ ተመለሰ፤ አባ ሰላማ የምንላቸው እሳቸውን ነው።

ውጤቱን ዛሬም በእጅ የሚያዝ ነገር ላይ እናየዋለን። የንጉሥ ኢዛና የቀድሞ ሳንቲሞች ላይ ጨረቃና ክብ ምልክት ነበር፤ በኋላ በቦታው መስቀል ገባ። የሮማው ቄሣር ቆስጠንጢዮስ ሳይቀር ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ይላክልኝ ብሎ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፏል። ከእስክንድርያ ጋር ያኔ የተጀመረው ግንኙነትም ለብዙ መቶ ዓመታት ቀጠለ። ኢትዮጵያ የራሷን ፓትርያርክ ያገኘችው በ1951 ዓ.ም. ነው።

ኤዴስዮስስ? ጢሮስ ላይ ቄስ ሆነ። በስሙ የሚጠራ ትልቅ ነገር አልሠራም። ግን ያዩትን ሁሉ አልረሳም፤ ሩፊኖስ ለሚባል ጸሐፊ ተረከለት። ሩፊኖስም በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በመጽሐፉ አስገባው፣ ከኤዴስዮስ አፍ እንደሰማውም ጻፈ። የዛፉን ጥላ፣ የንግሥቲቱን ልመና፣ የወንድማማቾቹን መለያየት የነገረን እንግዲህ ቤቱ የተመለሰው ወንድም ነው።

እኛ ብዙ ጊዜ የምናመሰግነው ሄዶ የሠራውን ነው። ቤት ሆኖ የእሱን ታሪክ የሚያወራለት ወንድም ወይም እህት ግን አይታየንም። ሐምሌ 26 የአባ ሰላማ በዓል ሲከበር ኤዴስዮስንም አስቡት።

እናንተስ ቤት ውስጥ ፍሬምናጦሱ ማነው? ኤዴስዮሱስ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ለወንድም ለእህታችሁም ሼር አድርጉላቸው።