ቅዱስ ያሬድና መምህሩ

ልጆች፣ ማኅሌታዊው ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም ተወለደ። ገድሉ እንደሚነግረን፣ በልጅነቱ አባቱ ስለ ሞተ እናቱ እንዲያስተምረው ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ትምህርቱ ግን አልገባው አለ። መምህሩ ቢገርፈው ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ። በዚያም አንዲት ትል ዛፉን ስትወጣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትደርስ አየ። እያለቀሰ ተመልሶ አጎቱን ይቅርታ ጠየቀ። አጎቱም በደስታ ተቀብሎ ጸለየለት።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ገባው። በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማ ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን ደረሰ። በዓሉም ግንቦት 11 ቀን ይከበራል።

ልጆች፣ ያሬድ ወደ መምህሩ ባይመለስ ኖሮ ይህን ሁሉ ዜማ ከየት እናገኘው ነበር? እናንተም ፊደል ላስቆጠሯችሁ መምህር፣ አብልተው ለላኳችሁ ወላጆች፣ ይህን ሁሉ ለሰጣችሁ ለእግዚአብሔርም ዕለት ዕለት ምስጋና አቅርቡ።