ጄምስ ብሩስ

ጄምስ ብሩስ (ዲሴምበር 14 ቀን 1730 – ኤፕሪል 27 ቀን 1794 እ.ኤ.አ.) የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነ ተጓዥና ጸሐፊ ነበር። ከ1769 ጀምሮ ከሁለት ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቆይቶ በጎጃም ሰከላ የሚገኘውን የግሽ ዓባይ ምንጭ አይቷል። በ1790 በኤድንብራ ያሳተመው ባለ 5 ቅጽ የጉዞ መጽሐፍ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጸው የታተሙ የኢትዮጵያ ዕፅዋት፣ እንስሳትና ካርታዎች ይገኙበታል። የእነዚህ ሥዕሎች ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ከስሙ ጋር ይነሳል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ሕይወት

ብሩስ በስኮትላንድ ስተርሊንግሻየር ውስጥ ኪኔርድ በተባለው የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። በእንግሊዝ ሃሮው ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረ፤ ይሁንና በሕግ ሙያ አልቀጠለም። በ1754 የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ የሆነችውን አድሪያና አለንን አገባ። እሷ ግን በዚያው ዓመት በሳንባ ነቀርሳ ፓሪስ ላይ ሞተች። ከዚህ በኋላ ብሩስ በስፔንና በፖርቱጋል ተዘዋወረ፤ ዐረብኛም ማጥናት ጀመረ። በ1758 አባቱ ሲሞት ርስቱን ወረሰ። በርስቱ መሬት የሚወጣው የድንጋይ ከሰል ለካሮን የብረት ፋብሪካ ይሸጥ ስለነበር ለጉዞ የሚሆን ገቢ አገኘ።

አልጀርስና የሮማ ፍርስራሾች

በ1763 የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ አልጀርስ ገባ። በሰሜን አፍሪካ የሚገኙትን የሮማ ዘመን ፍርስራሾች ለመሳል ስላሰበ በ1765 ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሰዓሊ ቀጠረ። ባሉጋኒ በ1737 በቦሎኛ የተወለደና የሕንፃ ሥዕል የተማረ ወጣት ነበር። ሁለቱ በአልጄሪያ፣ በቱኒዝያና በሊቢያ፣ ቀጥሎም በሶርያ ፓልሚራና በሊባኖስ ባልቤክ ተዘዋውረው ቤተ መቅደሶችንና የድል ቅስቶችን ሳሉ። ለሥራው ብሩስ ያሠራውን ካሜራ ኦብስኩራ ይጠቀሙ ነበር። ይህ መሣሪያ የውጭውን ምስል በሌንስ አማካይነት ጨለማ ሣጥን ውስጥ በወረቀት ላይ የሚጥል ሲሆን፣ ሰዓሊው መስመሩን ተከትሎ ይስላል።

በጎንደር ቤተ መንግሥት

ብሩስና ባሉጋኒ በሴፕቴምበር 1769 ምጽዋ ደረሱ፤ በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ገቡ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት የጀመረበት ነው። አፄ ኢዮአስ በ1769 ተገድለው ነበር፤ በዙፋኑ ላይ ወጣቱ አፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ ቢቀመጡም ሥልጣኑ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። ብሩስ በደረሰ ጊዜ የፈንጣጣ ወረርሽኝ እቴጌ ምንትዋብ በሚኖሩበት ቁስቋም ገብቶ ነበር። እርሱም የታመሙትን የመሳፍንት ልጆች ለማከም በርና መስኮት አስከፈተ፤ ክፍሎቹን በዕጣን አሳጠነ። በዚህ የእቴጌይቱንና የወይዘሮ አስቴርን አመኔታ አገኘ፤ በቤተ መንግሥትም ሹመት ተሰጠው። በ1771 ራስ ሚካኤል በተሸነፉበት በሰርባኩሳ ጦርነትም ተገኝቷል።

የዓባይ ድልድይና ግሽ ዓባይ

ብሩስ በሜይ 1770 ወደ ጢስ ዓባይ ወረደ። በዚያ አካባቢ በአላታ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለትን የድንጋይ ድልድይ አየ። ዓባይ በጠባብ ዐለት መካከል የሚያልፍበትን ይህን ድልድይ በመጽሐፉ ገልጾታል። ስለ ፏፏቴው ከፍታ ግን ተሳስቷል፤ ወደ 40 ጫማ፣ ማለትም 12 ሜትር ያህል ብሎ የገመተው ፏፏቴ ከ40 ሜትር በላይ ነው።

በጥቅምት 27 ቀን 1763 ዓ.ም. (ኖቬምበር 4 ቀን 1770 እ.ኤ.አ.)፣ የዳሞት ገዥ ከነበረው ከወረኛ ፋሲል ፈቃድ አግኝቶ ግሽ ዓባይ ደረሰ። ምንጩን ያየ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ቢልም፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የነበረው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 አይቶት ነበር። ብሩስ የፓኤዝን ምስክርነት አልቀበልም ማለቱ ለወቀሳ ዳርጎታል። የአካባቢው አገው ሕዝብና የጎጃም ምእመናን ግን ምንጩን ከሁለቱም በፊት ያውቁትና ያከብሩት ነበር።

የሉዊጂ ባሉጋኒ ድርሻ

ባሉጋኒ በኢትዮጵያ በነበረበት ጊዜ ዕፅዋትን በቀለም ይስል፣ የአየር ሁኔታን ይመዘግብ፣ የጉዞ ማስታወሻም በጣሊያንኛ ይጽፍ ነበር። በ1771 በተቅማጥ በሽታ ታሞ ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ባሉጋኒ ወደ ግሽ አብሮት መጓዙን አልገለጸም፤ ሥዕሎቹንም የራሱ ሥራ አስመስሎ አቀረበ። ከብሩስ ሞት በኋላ የተመረመሩት ወረቀቶች ባሉጋኒ እስከ ምንጩ አብሮት እንደነበር አሳይተዋል። ዛሬ ተመራማሪዎች የዕፅዋቱን ሥዕሎች በባሉጋኒ ስም ይመዘግቧቸዋል። አብዛኞቹ በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ።

መጽሐፉና የመዳብ ሕትመቶቹ

ብሩስ በሰናር፣ በኑብያ በረሃና በግብፅ በኩል ተመልሶ በ1774 ለንደን ደረሰ። ከሕያው ከብት ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱን ብዙዎች አላመኑም፤ መሳቂያም ሆነ። በዚህ አዝኖ ወደ ኪኔርድ ገባና መጽሐፉን ያሳተመው ከ16 ዓመት በኋላ ነው።

በዚያ ዘመን ሥዕል የሚታተመው በመዳብ ሰሌዳ ነበር። ቀራጺው የሰዓሊውን መስመር በሹል ብረት መዳቡ ላይ ይቆፍራል፤ ጉድጓዱን በቀለም ሞልቶ የሰሌዳውን ገጽ ይጠርጋል፤ ከዚያም እርጥብ ወረቀት ደርቦ በማተሚያ ይጫነዋል። በወረቀቱ ዙሪያ የሚቀረው የሰሌዳው ጠርዝ ስርጉዳት ዛሬ ጥንታዊውን ሕትመት ከቅጂ ለመለየት ይረዳል። ቀራጺዎቹ ኢትዮጵያን ስላላዩ የሚመኩት በቀረበላቸው ሥዕል ብቻ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ኮሶ፣ ጤፍ፣ እንሰት፣ ዋንዛና ቀንጠፋ ከነአገርኛ ስማቸው ታትመዋል። ለተቅማጥ መድኃኒት የሚሆነው ዋጊኖስም አለበት፤ ይህ ተክል በሳይንሳዊ ስሙ ብሩሲያ ተብሎ በብሩስ ስም ተሰይሟል።

መጽሐፉ ወዲያው ወደ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ተተረጎመ። ከጊዜ በኋላ ሥዕሎቹ ከመጽሐፉ እየተቆረጡ በነጠላ መሸጥ ጀመሩ። የሰሜን አፍሪካ ፍርስራሾች ሥዕሎች ግን በብሩስ ሕይወት ዘመን አልታተሙም። ከእነዚህ የተወሰኑትን በአልጀርስ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ሮበርት ላምበርት ፕሌፌር በ1877 አሳትሟቸዋል።

የብራና መጻሕፍት

ብሩስ ከኢትዮጵያ በርካታ የግዕዝ ብራናዎችን ይዞ ወጥቷል። ከእነዚህ መካከል ሙሉ ይዘቱ ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ የሆነው መጽሐፈ ሄኖክ ይገኝበታል። አንዱን ቅጂ ለፈረንሳይ ንጉሥ፣ ሌላውን ለኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመው ከኦክስፎርዱ ቅጂ ነው።

ሞቱ

በ1776 ሁለተኛ ሚስቱን ሜሪ ዳንዳስን አገባ፤ እሷም በ1785 ሞተች። ብሩስ በኤፕሪል 1794 አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከቤቱ ደረጃ ወድቆ በማግስቱ ሞተ፤ በላርበርትም ተቀበረ። የካሮን ፋብሪካ የሠራው የብረት ሐውልት ቆሞለታል። በኋላ የመጡ ተጓዦች፣ ከነሱም ሄንሪ ሶልት፣ በብዙ ነጥብ ቢተቹትም፣ ስለ ጎንደር ዘመን የጻፈው ዛሬም ለታሪክ ተመራማሪዎች ዋና ምንጭ ነው።