ቴዎዶር ፎን ሊፕኬና የአክሱም ፎቶግራፎች

በጥንቱ ቤተ አምሐራ፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በሚባለው አገር፣ ነገሥታት ያሠሯቸው ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት እንደ ነበሩ የማያውቅ ካህን የለም። ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት መካነ ሥላሴ በ1524 ዓ.ም. በግራኝ አሕመድ ጭፍሮች እጅ ተቃጠለ፤ አትሮንሰ ማርያምም ከዚሁ መከራ አላመለጠችም። የመካነ ሥላሴ መልክ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው፣ ሳይቃጠል ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከጻፈውና የግራኝ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ካወራው ነው። ቃል ደግሞ ምንም ቢጣፍጥ የዓምዱን ቁመትና የመስኮቱን ስፋት ለዓይን አያሳይም።

ፎቶግራፍ ከተገኘ በኋላም ወደዚህ ደጋ የገባው በመልካም ቀን አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲወጣ መሐንዲሶቹ የፎቶግራፍ መኪና ይዘው ነበርና አምባውን አነሡት። በዚያው ሰሞን አምባው በእሳት ጋየ፤ የመድኃኔ ዓለም መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳትም በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ወጡ። ከዚያ በኋላ 38 ዓመት ቆይቶ በአክሱም የተደረገው ሥራ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የተሠራ ነበረና። ያን ሥራ የሠራው ሰው ጀርመናዊው የሕንፃ ሊቅ ቴዎዶር ፎን ሊፕኬ ነው።

ፎን ሊፕኬ የተወለደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1873 ዓመት ነው። የሕንፃን ጥበብ ተምሮ የመንግሥት የሕንፃ ሹም ሆነ። በዚያን ጊዜ በጀርመን አገር የጥንት ሕንፃዎችን በፎቶግራፍ መለካት የሚባል አዲስ ጥበብ ተነሥቶ ነበር፤ የተነሣበትም ምክንያት መነገር የሚገባው ነው። በ1858 ዓመት አልብሬክት ማይደንባወር የሚባል ወጣት የሕንፃ ባለሙያ በቬትስላር ከተማ የሚገኘውን አሮጌ ካቴድራል እየወጣ ሲለካ፣ ከከፍታው ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ከሞት ያመለጠው ይህ ሰው ሕንፃውን በእጅ ከመለካት ይልቅ ሥዕሉን መለካት ይቻል እንደ ሆነ ያስብ ጀመር። መኪናው ከታወቀ ስፍራ ሳይዘነብል ከተተከለ፣ ርቀቱም ከተለካ፣ በመስታወቱ ላይ ከሚወጣው መልክ የግድግዳውን ቁመትና የደጁን ስፋት በስሌት ማግኘት እንደሚቻል ከብዙ ድካም በኋላ አስረዳ። ስለዚህ የፕሩስያ መንግሥት በ1885 ዓመት በበርሊን ለዚሁ ሥራ የተለየ መሥሪያ ቤት አቆመለት። የዚህ ቤት ሰዎች በየካቴድራሉ ከተማ እየዞሩ አብያተ ክርስቲያናቱንና አደባባዮቹን ጎንና ጎኑ 40 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ታላቅ የመስታወት ሰሌዳ ያነሡ ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ ነገር እንመለስ። በ1897 ዓ.ም. ፍሪድሪክ ሮዘን የሚመራው የጀርመን መልእክተኛ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ መጥቶ የወዳጅነት ውል ተዋዋለ። ከዚህም ወዳጅነት የተነሣ የአክሱምን ጥንታዊ ሥራ የሚመረምሩ ሊቃውንት እንዲመጡ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቀዱ፤ ወጪውን የጀርመኑ ቄሣር ዊልሄልም ቻለ። የተመረጡትም አራት ሰዎች ነበሩ። አለቃቸው የግዕዝና የትግረ ቋንቋ ሊቅ ኤኖ ሊትማን ነው፤ ዳንኤል ክሬንከርና ፎን ሊፕኬ የሕንፃ ባለሙያዎች፣ ኤሪክ ካሽኬ ሐኪም ነበሩ። በጥር ወር 1898 ዓ.ም. አክሱም ገብተው ሦስት ወር ያህል ተቀመጡ፤ የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ ሥላሴም ረዷቸው።

በእነዚያ ሦስት ወራት ሥራውን ተካፈሉት። ሊትማን በድንጋይ ላይ የተቀረጸውን ጽሕፈት ያነብ ነበር፤ ክሬንከር ሐውልቶቹንና የነገሥታቱን ፍርስራሽ ይለካ ነበር። ለፎን ሊፕኬ የደረሰው ክፍል ከዚህ ዝቅ ያለ የሚመስል ነው፤ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች፣ የግቢ በሮች፣ ሕዝቡ ዕለት ዕለት የሚሳለምባቸው አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። ነገር ግን ትልቁ ቁም ነገር በዚህ ላይ ነው። ታላቁን ሐውልት ማንም መንገደኛ ያደንቀዋል፤ በድንጋይና በጭቃ የተሠራውን የአንድ ካህን ቤት፣ የደረጃውን አወጣጥ፣ የጣራውን አገባብ ከቁም ነገር ቆጥሮ የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ፎን ሊፕኬ ሁለቱንም በአንድ ዓይን አየ። ዐፄ ፋሲለደስ በጥንቱ መሠረት ላይ ያሠሩትን የጽዮን ማርያምን ቤተ ክርስቲያን በፎቶግራፍና በንድፍ አስቀመጠ፤ ከእርሱም ጋር የከተማይቱን ተራ ቤቶች አስቀመጠ።

በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ማንሣት እንደ ዛሬ የቀለለ አልነበረም። መስታወቱ ከባድና ተሰባሪ ነው፤ ብርሃን እንዳይነካውም በጨለማ መያዝ አለበት፤ መኪናውም በሦስት እግሩ ተተክሎ ፀሐዩ የግንቡን ፊት እስኪያበራው ድረስ ይጠበቃል። አንዱ ሰሌዳ ቢሰበር የዚያ ቀን ድካም ከንቱ ነው። እንዲያውም ከጥር እስከ መጋቢት ያለው በጋ ስለ ሆነ የአገሩ አየር ረድቶታል ማለት ይቻላል።

በመልሳቸውም የሓን ጎብኝተው፣ በገመድ በሚወጣበት በደብረ ዳሞ ያለውን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን መረመሩ፤ በአስመራም የነበረችውን አሮጌ የማርያም ቤተ ክርስቲያን በፎቶግራፍና በንድፍ አስቀሩ። ግድግዳዋ ድንጋይና እንጨት እየተደራረበ፣ የእንጨቱ ራስ ወደ ውጭ ብቅ እያለ በአክሱም ሥርዐት የተሠራ ነበረ። ይህች ቤተ ክርስቲያን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920 ዓመት ገደማ ፈረሰች። ዛሬ መልኳን ማወቅ የሚሻ ሰው የሚሄደው ወደ እነዚያ ገጾች ነው።

ሥራቸው በ1913 ዓመት በበርሊን በአራት ታላላቅ መጻሕፍት ታተመ። ሦስተኛው፣ ስለ ሰሜን ኢትዮጵያ ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት የሚናገረው፣ በፎን ሊፕኬ ስም ወጣ። የሊትማንን ስም ግዕዝ የሚማር ሁሉ ያውቀዋል፤ የፎን ሊፕኬ ስም ግን ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ሥር በትንሽ ፊደል ተጽፎ ይቀራል። ሥዕሉን ሲያዩ ያነሣውን መርሳት የተለመደ ነው።

ከአክሱም ከተመለሰ በኋላ፣ ማይደንባወር በ1909 ዓመት በጡረታ ከሥራው ሲሰናበት፣ የበርሊኑን መሥሪያ ቤት ፎን ሊፕኬ ተረከበ፤ ቤቱም በ1921 ዓመት የመንግሥት የሥዕል ቤት ተባለ። በሊባኖስ ስላለው ስለ በዓልቤክ ቤተ መቅደስ ከክሬንከር ጋር የጻፈው መጽሐፍ በ1923 ዓመት ታተመ። በእርሱ እጅ የተጠበቁት የመስታወት ሰሌዳዎች ዋጋቸው የታወቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በዚያ ጦርነት የጀርመን የካቴድራል ከተሞች በቦምብ ሲፈርሱ፣ ሕንፃዎቹ የቀሩት በመስታወቱ ላይ ነው። ሰሌዳዎቹም ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሞስኮ ተወስደው ነበር፤ በ1958 ዓመት ተመለሱ። በበርሊን የሚገኘው የፈረንሳውያን ካቴድራል እንደ ገና ሲሠራ፣ ሠራተኞቹ መጠኑን ያገኙት ከእነዚህ ሥዕሎች ነበር።

የአክሱምም ዕድል ከዚህ እምብዛም አይለይም። በ1898 ዓ.ም. መሠረቱ ተቆፍሮ የተነሣው የተኣካ ማርያም ቤተ መንግሥት፣ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 80 ሜትር የሚያህል ግቢ ነበረ፤ ኢጣሊያኖች አገሩን በያዙ ጊዜ መንገድ አወጡበትና አብዛኛው ጠፋ። በዚያው የወረራ ዘመን፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ተሰባብሮ በምድር የወደቀው ሁለተኛው ሐውልት ወደ ሮማ ተጓዘ፤ ቁመቱ 24 ሜትር የሚያልፍ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. በስፍራው ቆመ። ከመሄዱ በፊት በአክሱም ምድር እንዴት ወድቆ እንደ ነበረ የእነዚያ አራት ሰዎች መጻሕፍት ይመሰክራሉ።

ፎን ሊፕኬ በ1961 ዓመት፣ በእኛ በ1953 ዓ.ም. ገደማ፣ ሞተ። እርሱ ካረፈ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት አዲሱ የጽዮን ካቴድራል በአሮጌው አጠገብ ተመረቀ። በመኪናው ያነሣው የፋሲለደስ ሕንፃ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል።