ፎንግ የሰው ስም ነው

በግራፊክስ ትምህርት ፎንግ የሚለውን ቃል ያልሰማ የለም። ብዙዎቻችን ግን የዘዴ እንጂ የሰው ስም አይመስለንም። እኔ ለሼደር ቋንቋ ፕሪፕሮሰሰር ስሠራ መፈተኛ ያደረግሁት የእሱን ስሌት ስለሆነ ስለ ሰውየው ጥቂት ላጫውታችሁ።

ቡይ ቱዎንግ ፎንግ እ.ኤ.አ. በ1942 ሃኖይ፣ ቬትናም ተወለደ። ቡይ የቤተሰቡ፣ ፎንግ የራሱ ስም ነው፤ እንደኛው በራሱ ስም ይጠራል ማለት ነው። በ1964 ፈረንሳይ ገባ፤ በ1971 ወደ አሜሪካ ዩታ ዩኒቨርሲቲ ተሻግሮ በ1973 ዶክትሬቱን አገኘ።

እዚያው ዩታ አንሪ ጉሮ የተባለ ፈረንሳዊ ቀለምን በሦስት ማዕዘኑ ጫፎች ላይ ብቻ አስልቶ መሃሉን የሚያለሰልስ ዘዴ አውጥቶ ነበር። ችግሩ፣ ነጸብራቁ መሃል ላይ ካረፈ ይጠፋል። ፎንግ ግን በቀለሙ ፈንታ የገጹን አቅጣጫ አለስልሶ ብርሃኑን በየፒክስሉ አሰላ። ብርሃኑንም በሦስት ከፈለው፦ ከየአካባቢው የሚደርሰው፣ ገጹ ላይ አርፎ የሚበተነውና የሚያንጸባርቀው። ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ የምትመላለሱ ይህን በታክሲ መስኮት ታዩታላችሁ። የጭቃ ግድግዳ ከየትም ቢያዩት ያው ነው፤ የአዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ ነጸብራቅ ግን አብሯችሁ ይሄዳል።

ስሌቱ ለዚያ ዘመን ማሽን ከባድ ነበር። ጽሑፉ በሰኔ 1975 ታተመ፤ ፎንግ በዚያው ዓመት በካንሰር ሞተ። ገና 32 ዓመቱ ነበር። ጂ.ኤል.ኤስ.ኤል. የተባለው የሼደር ቋንቋ የኦፕን ጂ.ኤል. አካል የሆነው በ2004 ነው።

ይህ ቋንቋ በመሠረቱ ሌላ ፋይል የሚያስገባ የኢንክሉድ ትእዛዝ የለውም። የእኔ ፕሪፕሮሰሰር ፋይሎቹን ይገጣጥማል፣ ማክሮውን በዋጋው ይተካል፣ ኮሜንት ይሰርዛል። ለፈተና የፎንግን ሦስት ክፍሎች በሦስት ፋይል ለየኋቸው። ሦስተኛውን በኢፍዴፍ ሳጠፋ ኳሷ ነጸብራቋን ብቻ አጣች። ሆን ብዬ ስህተት ስከትበት ደግሞ ኮምፓይለሩ ትክክለኛውን ፋይልና መስመር ጠቆመኝ። እሰየው!

ከፕሪፕሮሰሰሩ የወጣውን ኮድ ሳነበው ግን ፎንግ የሚል ቃል የትም የለም። ኮሜንቱ ተሰርዟል፣ ማክሮው ቁጥር ሆኗል። ማሽኑ ስሙ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው። ስለዚህ ጓዶች፣ ስሌቱን ስትጠቀሙ ከላዩ በኮሜንት ሙሉ ስሙንና ዓመቱን ጻፉለት። ቢያንስ ከእኛ ቀጥሎ ኮዱን የሚከፍተው ተማሪ ማን እንደሠራው ይወቅ።